ሃዞፑን ከሎፓው ጋር ላገናኘልን ባለሙያ ምስጋና (ጥቆማም ነው)

ሁለት ቀን ሙሉ የማገናኛውን ሶፍትዌር ሳያስከፍተን ስለዋለ ተናድጄበት ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፈው በአደባባይ ላመሰግነው ነው።

የአደጋ ትንተና ሥራ ላይ ያላችሁ ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ በሃዞፕ ሰንጠረዥ ላይ ቡድኑ ተሰብስቦ ፋብሪካውን ክፍል በክፍል እየያዘ «ግፊቱ ቢጨምርስ? ፍሰቱ ቢቆምስ?» እያለ መንስኤውን፣ መዘዙንና ያለውን መከላከያ ይመዘግባል። ከበድ ያሉት ወደ ሎፓ ይሻገራሉ፤ እዚያ ደግሞ መከላከያዎቹ ይበቁ እንደሆነ በቁጥር ይሰላል። እኛ የምናሻግረው በኤክሴል፣ እየገለበጥን ነበር።

ሃዞፑ ላይ የአንድ መዘዝ ክብደት ከ3 ወደ 4 ከፍ ተደረገ፤ ሎፓው ላይ 3 እንደሆነ ቀረ። ይሄስ ይሁን። ከመካከላችን አንዱ (እኔው ነኝ፣ ምን እደብቃለሁ) የመንስኤውን ዓምድ ብቻ መርጦ በፊደል ተራ ደረደረው። ሌሎቹ ዓምዶች ንቅንቅ አላሉም። የፓምፑ መቆም ከሌላ ረድፍ የታንክ መፈንዳት ጋር ተጋባ። ሰንጠረዡን ላየው ሰው ግን እንከን የለውም፤ አንድም ባዶ ሳጥን አልነበረበትም። የተያዘው ፊርማ ሊያርፍበት ሲል ነው።

ባለሙያው የተጠራው ያኔ ነው። «ይህን ቁልፍ ተጫኑ» የሚል ሰው ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን የመከላከያውን ዓምድ አሳትሙልኝ አለ። በአንዱ ሳጥን ውስጥ «አላርም፣ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ ሥልጠና» ብለን በነጠላ ሰረዝ ደርድረናል። «ሶፍትዌሩ ይህን አንድ መከላከያ ነው የሚለው፤ እናንተስ ስንት ትሉታላችሁ?» ሲል ጠየቀን። ሦስታችን ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠን።

ሁለቱ ቀን ያለቀው በዚሁ ነው። እያንዳንዱን መከላከያ በራሱ ረድፍ አሰፈርን፣ ለእያንዳንዱ መንስኤና መዘዝ ጥንድ የማይቀየር መለያ ቁጥር ሰጠን፣ የሁለቱ ሰንጠረዦች የክብደት መለኪያ አንድ መሆኑን አጣራን። አንድ አልነበረም! የሃዞፑ 4 እና የሎፓው 4 የሚሉት ሌላ ሌላ ነገር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማገናኘቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። መንስኤው ወደ መነሻ ክስተት፣ መዘዙ ወደ መዘዝ ያልፋል፤ ከክብደቱ ደግሞ ልንቀበለው የምንችለው የድግግሞሽ ጣሪያ ይወጣል። መከላከያዎቹን ግን በቀጥታ አላሳለፋቸውም። «እጩ» ሆነው ይገባሉ፤ ሰው አይቶ እስኪያጸድቃቸው ድረስ በስሌቱ አይቆጠሩም። ለምን ሥራ ታበዛብናለህ ብዬ ተከራከርኩት።

መልሱን ከራሳችን ሰንጠረዥ አወጣው። የግፊት መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ታንኩ ሊፈነዳ ይችላል ብለን ጽፈናል። የመቆጣጠሪያው ብልሽት በዓመት 0.1 ማለትም በ10 ዓመት አንዴ፣ ማስተንፈሻ ቫልቩ ሲፈለግ ላይሠራ የሚችልበት ዕድል 0.01፣ አላርም ሰምቶ እርምጃ የሚወስደው ኦፕሬተር የሚስትበት ዕድል 0.1 ተብሎ ተይዟል። ሲባዛ 0.0001፣ በ10 ሺህ ዓመት አንዴ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። «አላርሙ ግፊቱን የሚያነበው ከየትኛው ትራንስሚተር ነው?» አለኝ (ግፊቱን ለክቶ የሚልከው መሣሪያ ነው)። ስዕሉን ገልጬ አየሁ፤ መቆጣጠሪያው ከሚያነብበት ከዚያው ነው። ትራንስሚተሩ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይታወራሉ፤ ስለዚህ አላርሙ ከመነሻው ክስተት ነፃ አይደለም፣ አይቆጠርም። ቁጥሩ 0.001 ሆነ፣ በአንድ ሺህ ዓመት አንዴ። አደጋ ሲመጣ ሥራውን የሚያስቆመው አውቶማቲክ ማቋረጫ የእንዲህ ያሉ የደህንነት ሥርዓቶች ዓለም አቀፍ መስፈርት በሆነው በአይኢሲ 61511 መሠረት ምን ደረጃ ይኑረው የሚባለው ከዚህ ስሌት ተነስቶ ነው፤ እኛ አስር እጥፍ ስተን ልንፈርም ነበር። ሥልጠናው ደግሞ ከመጀመሪያውም በሎፓ እንደ ራሱን የቻለ መከላከያ አይቆጠርም።

አሁን ሃዞፑ ላይ አንድ ነገር ሲነካ ሎፓው ላይ ምልክት ይበራል፤ የጸደቀውን ግን በራሱ አይደመስስም፣ ኃላፊው አይቶ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ከሎፓው ወደ ኋላ የሚመለሰው የማሻሻያ ሐሳብ ብቻ ነው። ኤክሴሉ ተዘግቷል ማለት ይቻላል፤ እኔ ቅጂ አስቀምጫለሁ፣ ልማድ ነው።

እንከን የለውም አልልም። ሲያስረዳ ይፈጥናል፣ የቤት ሥራ ይሰጣል፣ ሳትሠሩ ከጠበቃችሁትም ፊቱ አያምርም። ሃዞፓችሁ ገና ካላለቀ ጥሩት፤ ካለቀ በኋላ ከጠራችሁት እንደኛ ሁለት ቀን ረድፍ ስትከፍሉ ትውላላችሁ። ሰንጠረዛችሁ ሃያ ሠላሳ ረድፍ ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም።

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት እሱ ስላልፈለገ ነው፤ ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ስትደውሉለት የመከላከያውን ዓምድ ከፍታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።