የቤኔት «ኧርሊ ሞደርን ቴክስትስ»፦ ለመረዳት የሚበጅ፣ ለመጥቀስ የማይሆን

ፈላስፎቹን ሆብስን፣ በትለርን ወይም ሂዩምን በመጀመሪያው እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በሐሳቡ ክብደት አይደለም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይፈጃል፣ ግሡ ከባለቤቱ ርቆ ይጠፋል፣ የሚታወቅ የሚመስለው ቃልም የዛሬውን ትርጉም አልያዘም። እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ለተማረ አንባቢ ደግሞ ጣጣው እጥፍ ነው።

«ኧርሊ ሞደርን ቴክስትስ» የተባለው ድረ ገጽ ይህንኑ ችግር ለማቃለል የተሠራ ነው። ያዘጋጀው በ1930 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ) ኒውዚላንድ ውስጥ የተወለደውና በአሜሪካው ሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ፈላስፋ ጆናታን ቤኔት ነው። የ17ኛውንና የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ድርሰቶች ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየፈታ በቀላል እንግሊዝኛ አዘጋጅቷቸዋል። ክፍያም ምዝገባም የለም፤ ፒዲኤፉን አውርዶ ማንበብ ነው። ለሥነ ምግባር ፍልስፍና ታሪክ የሚያስፈልጉት ዋና ዋናዎቹ አሉ፦ የሆብስ «ሌዋታን» (1651)፣ የበትለር ስብከቶች (1726)፣ የሂዩም «ስለ ሰው ተፈጥሮ ድርሰት» ሦስተኛ መጽሐፍ (1740) እና ስለ ሥነ ምግባር የጻፈው የ1751ዱ ምርመራው፣ የሪቻርድ ፕራይስ ሥራ (1758)፣ የአዳም ስሚዝ የሥነ ምግባር ስሜቶች ንድፈ ሐሳብ (1759)፣ የካንት «መሠረት» (1785)።

ከሁሉ በፊት ምልክቶቹን መለየት ግድ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ያለው የቤኔት ማብራሪያ ነው። በሁለት ትንንሽ ነጥቦች መካከል የገባው ቃል ጭማሪ ነው፤ ሆኖም ከዋናው ጋር አብሮ እንዲነበብ የታሰበ። ደመቅ ያለው ክብ ነጥብ የዓረፍተ ነገሩን አካላት ለይቶ ለማሳየት እንጂ ደራሲው ዝርዝር ስለጻፈ አይደለም። ተከታታይ አራት ነጠብጣብ (የኛው አራት ነጥብ እንዳይመስላችሁ) ደግሞ ድካሙ ከጥቅሙ ያመዘነ አጭር ክፍል መዘለሉን ይናገራል። የተዘለለው ረጅም ከሆነ በቅንፍ ይገለጻል።

ትልቁ አደጋ ግን ምልክት የሌለው ነው። ነጥቦቹ የሚያሳዩት የተጨመረውን ብቻ ነው። የተለወጠው ቃል፣ ለሦስት የተቆረጠው ዓረፍተ ነገር፣ የተገለበጠው ቅደም ተከተል ምንም ምልክት የለውም። በአንድምታ ትምህርት ንባቡ ለብቻው ይነበባል፣ ትርጓሜው ይከተላል፤ ማን ምን እንዳለ አይምታታም። እዚህ ትርጓሜው ንባቡ ሆድ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ከቤኔት ገጽ ላይ ቀድቶ «ሂዩም እንዲህ ይላል» ብሎ በጥቅስ ምልክት ማስቀመጥ ስህተት ነው፤ የተቀዳው ቃል የቤኔት ሊሆን ይችላልና።

የአጠቃቀስ ቁጥርም ሌላ ጣጣ አለው። ስለ ሂዩም የሚጽፉ ሰዎች ከ«ነው» ወደ «መሆን አለበት» መዝለልን የሚተቸውን ዝነኛ አንቀጽ 3.1.1.27 ብለው ይጠሩታል፦ መጽሐፍ፣ ክፍል፣ ምዕራፍ፣ አንቀጽ። ቤኔት አንቀጾችን እየከፈለ ስለሚሄድ በእሱ ገጽ ላይ ቆጥራችሁ 27ኛው ላይ ብትደርሱ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ለጥቅስ፣ ሂዩምን ከነአንቀጽ ቁጥሩ በነጻ ወደሚያቀርበው «ዴቪድ ሂዩም ዶት ኦርግ» መሄድ ይሻላል። ለስሚዝና ለመምህሩ ለፍራንሲስ ሀቺሰን የሊበርቲ ፈንድ ነጻ የበይነ መረብ ቤተ መጻሕፍት አለ።

አሁን ወደ ምርጡ ነገር። በበርካታ ፋይሎች መጀመሪያ ላይ ሙዳየ ቃላት ተቀምጧል፤ ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ሰው ድረ ገጹ ለዚህ ብቻ እንኳ ይበቃል። በዚያ ዘመን «ሞራል» የሚለው ቃል በጎና ክፉን ብቻ አይመለከትም፤ የሰውን ድርጊትና ባሕርይ የሚመለከተውን ሁሉ ሊያቅፍ ይችላል። የሂዩም ትልቁ ድርሰት ንዑስ ርእስ ላይ ያለውን ቃል «ሥነ ምግባራዊ ጉዳዮች» ብሎ የተረጎመ ሰው መጽሐፉን ከደጁ ያጠብበዋል፤ የሚያወራው ስለ ሰው ተፈጥሮ በጠቅላላው ነውና። «ፕሪንስፕል»ም ሁልጊዜ መርሕ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምንጭ፣ መነሻ፣ አንቀሳቃሽ ኃይል ማለት ነው። የ1751ዱን ርእስ «የሥነ ምግባር መርሖች» ከማለት «የሥነ ምግባር ምንጮች» ማለት ለይዘቱ ይቀርባል፤ ሂዩም እዚያ የሕግ ዝርዝር አይሰጥምና።

ሙዳዩ የማያድነን ቦታም አለ። አማርኛ «ስሜት» በሚለው አንድ ቃል ፓሽንንም ሴንቲመንትንም ፊሊንግንም ይሸፍናል፤ ሂዩም ላይ ሦስቱን ሳይለዩ መሄድ ክርክሩን ማፍረስ ነው። «ሪዝን»ን «ምክንያት» ካልነው ደግሞ የሚያመዛዝነው ኃይል ጠፍቶ ሰበቡ ብቻ ይቀራል። የጸሐፊው ማንነት ክርክር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሐተታ ዘርአ ያዕቆብ «ልቡና» የተሻለ ይመስላል። የስሚዝ «ሲምፓቲ»ም «ርኅራኄ» አይደለም። ራሱ ስሚዝ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ቃሉ ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ስሜት ተካፋይ መሆንን እንደሚያመለክት ይናገራል፤ «ስሜት መጋራት» ይሻላል።

ድርሰቶቹ ከዚህ አሠራር የሚያገኙት ጥቅም እኩል አይደለም። በትለር ከሁሉ አብልጦ ይጠቀማል፤ ራስን መውደድ፣ ለሌላው በጎ ማሰብና ሕሊና እንዴት እንደሚደረደሩ በእሱ ጥምዝምዝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማየት ያስቸግራል፣ ቤኔት ግን አጥርቶ ያወጣዋል። ፕራይስም እንዲሁ። ሆብስ ክርክሩ ይጠራል፣ የቃሉ ጉልበት ግን ይቀንሳል፤ ምዕራፍ 13ን በሁለቱም ማንበብ ያስፈልጋል። የሂዩም የ1751ዱ ሥራ ከመጀመሪያውም የተወለወለ ጽሑፍ ነው፤ ቤኔት ስላቁን ጠፍጣፋ ያደርገዋልና መካከለኛ እንግሊዝኛ ያለው ሰው በቀጥታ ዋናውን ቢሞክር ይሻላል። ካንት ላይ ቤኔት አቅላይ ብቻ ሳይሆን ከጀርመንኛ ተርጓሚም ነው፤ ስለዚህ የአካዳሚውን እትም (መደበኛውን የጀርመንኛ የካንት ሥራዎች እትም) ገጽ በዳር የሚያሳይ ሌላ ትርጉም አጠገቡ ይኑር። «ለሁሉም ሕግ እንዲሆን ልትፈቅደው በምትችለው መመሪያ ብቻ ሥራ» የሚለው ቀመር የሚጠቀሰው 4:421 (ቅጽ 4፣ ገጽ 421) ተብሎ ነው።

የሚያዋጣው አነባበብ ይህ ነው፦ አንድ ምዕራፍ በቤኔት፣ ክርክሩን በአማርኛ በአምስት ወይም በስድስት መስመር መጻፍ፣ ከዚያ ያንኑ ምዕራፍ በዋናው፣ በመጨረሻም ማስታወሻውን ማረም። ሙሉውን መጽሐፍ በቤኔት ጨርሶ «በኋላ ዋናውን አየዋለሁ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አያየውም። ከሆብስ ለመጀመር ከ13 እስከ 15 ያሉት ምዕራፎች ይበቃሉ፤ ከስሚዝ የመጀመሪያው ክፍልና ስለ ገለልተኛው ተመልካች የሚያወራው ሦስተኛው ክፍል።

ፒዲኤፉ በአግድም ገጽ ላይ በሁለት ዓምድ የተቀመጠ ነው። ስልክ አቁሞ ማንበብ ዓይን ያደክማል፤ በዚያ ላይ የጭማሪ ነጥቦቹ መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ ይመስላሉ። ስልኩን አግድሞ አንዱን ዓምድ ማስፋት፣ ወይም በወረቀት ማተም ይመረጣል። ለማተም ደግሞ አታሚውን አግድም ላይ ማድረግ አይረሳ። ወደ አማርኛ ተርጉሞ ለማሳተም የሚያስብ ሰው ልብ ይበል፦ የሂዩምና የስሚዝ ዋና ጽሑፎች የቅጂ መብት የለባቸውም፣ የቤኔት ቅጂዎች ግን አለባቸው። መተርጎም ያለበት ከዋናው ነው፤ ቤኔት ጎን ተከፍቶ ይቀመጥ።