ስሊፒንግ ባጌ ከ11 ወር በኋላ፦ ከቦሊቪያ የጨው ሜዳ እስከ ሳንቃበር

ይህን ስሊፒንግ ባግ (ሰው ውስጡ ገብቶ ዚፑን ዘግቶ የሚተኛበት መኝታ) የገዛሁት ዓምና ሰኔ ላይ ነው። 340 ዶላር። ባለቤቴ ዋጋውን ሲሰማ "በዚህ ገንዘብ ስንት ብርድ ልብስ ይገዛል!" አለ። በሳምንቱ ለራሱም ያንኑ አዘዘ።

የገዛነው ለአንድ ጉዞ ነበር። ቦሊቪያ ውስጥ ከኡዩኒ ከተማ በላንድክሩዘር ተነስቶ፣ የጨው ሜዳውንና ከፍታ ላይ ያለውን በረሃ አቋርጦ ቺሊ ድንበር የሚያደርስ፣ ሦስት ቀን ከሁለት ሌሊት። ስድስት ተሳፋሪ ከነሻንጣው፣ ዕቃው ጣሪያ ላይ። ሐምሌ እዚያ ክረምት ነው። ክረምት ስል የኛውን ዝናብና ጭቃ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል።

ባጉ የዳክዬ ላባ የተሞላ ነው። ክብደቱ 1.1 ኪሎ፣ ሲጠቀለል ትንሽ ነው። እግር በታች ጠበብ፣ ጭንቅላት ላይ ኮፍያ ያለው ዓይነት። ከረጢቱ ላይ በትልቁ "-9" ይላል። እኔም -9 ዲግሪ ድረስ ሞቆኝ እተኛለሁ ብዬ ገዛሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ነበር ማለት ይቻላል። የባቡሮቹን መቃብር አየን፤ ዝገት የበላቸው የድሮ ባቡሮች ሜዳ ላይ ቆመዋል። ኮልቻኒ መንደር ደግሞ ጨው ተከምሮ ሳይ አሞሌ ትዝ አለኝ። የኛ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ሆኖ ሰው ይጠብሳል፣ የነሱ ጨው 3,656 ሜትር ላይ ሆኖ ሰው ያንቀጠቅጣል። ስፋቱ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሾፌራችን ጋዝ ረግጦ ሄዶ ሄዶ፣ ዙሪያው ያው ነጭ ነው። ያን ማታ ያደርነው ግድግዳው ከጨው ጡብ የተሠራ ሆቴል ውስጥ ነበር። ባጉ ውስጥ እንዲያውም ሞቆኝ ዚፑን ከፈትኩት።

ሁለተኛው ሌሊት ላጉና ኮሎራዳ አጠገብ ነው። 4,278 ሜትር። ሐይቁ በአልጌ የተነሳ ቀይ ነው፣ ፍላሚንጎዎች ቆመውበታል፣ ውብ ነው። ማደሪያው ግን ማሞቂያ የለውም። ጄኔሬተሩም በጊዜ ጠፋ። መስኮት ላይ የተውኩት የላስቲክ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ነበር።

እዚያች ክፍል ውስጥ ባለቤቴ ያንኮራፋል፣ እኔ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ያው አንድ ዓይነት ባግ! ነገሩ የገባኝ ቤት ተመልሼ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ሳነብ ነው። ሁለት ቁጥር አለ። "ሊሚት" የሚለው -9 አንድ ወንድ ተኮራምቶ ሊያልፈው የሚችለው ወሰን ነው። "ኮምፎርት" የሚለው ሴት ተመችቷት የምትተኛበት ሲሆን፣ የኔው ላይ -3 ነበር። ትልቁን ቁጥር ውጭ ይለጥፉታል፣ ትክክለኛውን ውስጥ ይደብቁታል። ብርድ የማይችል ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ኮምፎርቱን ብቻ ይይ።

መጀመሪያ የማደሪያውን ከባድ ብርድ ልብስ ከላይ ደረብኩ። ላባውን ደፈጠጠው። ላባ የሚያሞቀው አየር ይዞ ሲነፋ ነው። ከዚያ እናቴ "ይዘሽ ሂጂ" ብላ ያስጨነቀችኝን ጋቢ አውጥቼ ተጠቀለልኩበትና ባጉ ውስጥ ገባሁ። ተኛሁ። ያም ሆኖ በየሰዓቱ ትንፋሽ እያጠረኝ እባንን ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምንም አያደርገኝም ብዬ ጎርሬ ነበር። ለካ ሜሪላንድ ስኖር ሳንባዬ ረስቶታል።

ሌሊት ተነስተን ወደ ሶል ደ ማኛና ፍል እንፋሎት ስንሄድ ባጉን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ መኪና ውስጥ ገባሁ። ቦታው 4,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከራስ ደጀን ጫፍ በላይ! ማንም አልሳቀብኝም። አንዷ ተሳፋሪ እንዲያውም ጫፉን ለምና ወሰደች።

ትልቁ ቅሬታዬ ዚፑ ነው። በከፊል የራሴ ጥፋት ነው። ለፎቶ ብዬ ጨው ላይ አነጠፍኩት። ደቃቁ ጨው ጥርሶቹ መሃል ገብቶ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይይዛል። አንድ ቀን ስስበው ጨርቁን ነክሶ ቀደደው። ላባ መርገፍ ጀመረ። አምራቹ (ስሙን አልጠራም) ዋስትናው አይሸፍነውም፣ ማሠሪያውን ክፈይ አለኝ። በሦስት ዶላር ፕላስተር ለጠፍኩት፣ እስካሁን ይዟል።

ከዚያ ወዲህ ጥቅምት ላይ ቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ወሰድኩት፣ ደህና ነበር። ለገና አገር ቤት ገብተን ሰሜን ተራራ፣ ሳንቃበር በድንኳን ስናድር ግን በእውነት ወደድኩት። 3,250 ሜትር ላይ፣ ጋቢ ሳልጨምር፣ እስከ ጠዋት። አፍንጫዬን ውጭ ማድረግም ተምሬ ነበር። ውስጥ ከተነፈሱ ላባው ይረጥባል።

አንዴ አጥቤዋለሁ፣ ለላባ በሚሆን ሳሙና። ማድረቂያ ውስጥ ከሁለት የቴኒስ ኳስ ጋር ሦስት ሰዓት ፈጀ። ኳሱ ካልመታው ላባው እየተጓጎለ ይቀራል። ቤት ሲቀመጥም ጠቅልለው አይተዉት፣ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ አንጠልጥዬዋለሁ።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? ይህኑ ሳይሆን ኮምፎርቱ -10 የሆነውን። ለዚያች ጉዞ ብቻ ከሆነ ደግሞ አትግዙ፤ ኡዩኒ ያሉ አስጎብኚዎች በጥቂት ቦሊቪያኖ (የአገሩ ገንዘብ) ያከራያሉ።

ባለፈው ወር እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ማታ በረዳት። ባጉን አውጥቼ እንዴት እንደሚገባበት አሳየኋት። ዚፑን አየች፣ ኮፍያውን አየች፣ እኔን አየች።

"ምነው ልጄ፣ በቁሜ ልትገንዢኝ ነው?"

ጋቢዋን ለብሳ ተኛች።