ለካራው የብስክሌት ባለሙያ ምስጋና፣ የዘይት ፍሬን ላስቸገራችሁም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአዲስ አበባ ካራ አካባቢ የሚሠሩ አንድ የብስክሌት ባለሙያ ላደረጉልኝ ነገር በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም የተራራ ብስክሌት ያላችሁ፣ በተለይም ፍሬናችሁ በሽቦ ሳይሆን በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን የሆነ ወገኖቼ፣ ችግር ሲገጥማችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁኝ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ችግሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ፣ ጫፉ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ነው። የኋላውን ፍሬን ስይዝ እጀታው ምንም ሳይገታኝ እስከ መሪው ድረስ ገባ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስጨምቀው ያዘልኝና በፊተኛው እየታገዝኩ በሰላም ወረድኩ፤ ሆኖም ያን ዕለት የተሰማኝ ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ብስክሌቱን መሀል ከተማ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩ። ሠራተኛው የእጀታውን ክዳን ከፈተ፣ ከመደርደሪያ ላይ ያነሳውን ዘይት ጨመረ፣ ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር አስወጥቶ መለሰልኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ፍሬኑ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጀታው ስለቀው ቶሎ የማይመለስ ሆነ፤ የኋላው ጎማ ብስክሌቱን በእጄ እየገፋሁ እንኳ በግድ የሚዞር፣ ጥቂት ነድቼ ስወርድም ከዲስኩ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ሆነ። ወደ ጋሼ የላከኝ ይህን ያየ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

ጋሼ ብስክሌቱን ሲቀበሉኝ መፍቻ አላነሡም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «መምህር፣ ይህን ማን ከፈተው? ምን ዘይት ጨመረበት?» ብለው ነው። የጨመረውን እንደማላውቅ ስነግራቸው በስሪንጅ ከእጀታው ውስጥ ጥቂት ዘይት ሳቡና ውሃ በያዘ የቡና ሲኒ ውስጥ ጠብ አደረጉት። አብዛኛው ወዲያው ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ፤ ላይ ላዩን ግን ቀላ ያለ ስስ ቅባት ተንሳፍፎ ቀረ። «የተንሳፈፈው የራሱ የብስክሌቱ ሚኒራል ዘይት ነው። የጠፋው የመኪና ፍሬን ዘይት ነው። ሠላሳ ዓመት መኪና ላይ የሠራሁበት ጥሩ ዘይት ነው፣ የዚህ ፍሬን ግን አይደለም» አሉኝ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በአንድ ሲኒ ውሃ እንዲህ ያለ የጠራ ማስረጃ ሲቀርብ ግን አይቼ አላውቅም።

ቀጥለው የነገሩኝን ሁላችሁም ብታውቁት ስለሚጠቅም በዝርዝር አሰፍረዋለሁ። የፓስካልን መርህ ለተማሪ ያስረዳ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፈሳሽ አይታመቅም፤ በጣታችን የምንሰጠው ኃይል በቱቦው አልፎ ካሊፐሩ (ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠው ክፍል) ውስጥ ያሉትን ፒስተኖች የሚገፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። አየር ከገባበት ግን አየሩ ስለሚታመቅ ኃይሉ እዚያው ይቀራል፣ እጀታውም እስከ መሪው ይገባል። የእኔ ፍሬን ውስጥ አየሩ እንዴት እንደ ገባ ሲያጣሩ፣ ብስክሌቴን በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ገልብጬ እያሰርኩ እንደማጓጉዝ ነገርኳቸው። በእጀታው የዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት አየር ካለ፣ ብስክሌቱ ሲገለበጥ ያ አየር ወደ ቱቦው መንገድ ያገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብልሽት አየር ብቻ ነበር፤ በትክክለኛው ዘይት አየሩ ቢወጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የመኪናው ዘይት ሲገባበት ግን ለሚኒራል ዘይት የተሠሩት ጎሚኒዎች አበጡ። ፒስተኑን ከዲስኩ መልሶ የሚስበው በዙሪያው ያለው ጎሚኒ ስለሆነ፣ ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን ይዞ ያስቀረዋል፤ ጎማዬን አላዞር ያለው ይኸው ነው።

ባለሙያው ታማኝ ባይሆኑ ኖሮ ዘይቱን ለውጠው፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው ሊያሰናብቱኝ ይችሉ ነበር፤ እኔም አምኜ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን የኋላው ፍሬን ጎሚኒዎች ለብቻቸው ስለማይሸጡ ከእጀታው እስከ ካሊፐሩ በሙሉ መለወጥ እንዳለበት ነገሩኝ። እስከዚያ ድረስ በብስክሌቱ ከቁልቁለት እንዳልወርድ አስጠነቀቁኝ፤ ያን ዕለትም ወደ ቤቴ በታክሲ እንድሄድ አደረጉ። የሚለወጠውን ፍሬን ሞዴልና የቱቦውን ርዝመት በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ይዞልኝ መጣ።

የፊተኛው ፍሬን ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት፤ ይጮኻል፣ የመያዝ አቅሙም ደክሟል። ጋሼ ሸራዎቹን፣ ማለትም ፒስተኖቹ ዲስኩ ላይ የሚጫኗቸውን፣ አውጥተው ወደ ብርሃን ሲይዟቸው ፊታቸው እንደ መስታወት አብለጭልጮ ነበር። ካቴናዬን በሚረጭ ቅባት ስቀባ ዲስኩንም እንደነካሁት የተረዳሁት ያኔ ነው። ዘይት የጠጣን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቆ መመለስ ለጥቂት ቀን ብቻ እንደሆነ ነግረውኝ በአዲስ ለወጡት፤ ዲስኩን በንጹሕ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ውፍረቱን ለኩ፤ 1.7 ሚሊ ሜትር ነበር። ዲስኩ ራሱ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት 1.5 እንደሆነ ተቀርጿል፤ እኔ ብስክሌቱን ለዓመታት ስይዘው ያን ጽሑፍ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ካሊፐሩን የሚይዙትን ሁለት ብሎኖች አላልተው፣ እጀታውን በአንድ እጃቸው ጨምቀው እንደያዙ በሌላው አጠበቋቸው። ከኋላ ነጭ ወረቀት አስደግፈው ጎማውን ሲያዞሩት በዲስኩ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጭን የብርሃን መስመሮች እኩል ታዩ። በግራ በኩል ያለው ትንሽ ጠበብ ሲልባቸው እንደገና አላልተው ሠሩት። ማንም አላስገደዳቸውም፤ እኔ ልዩነቱን በዓይኔ መለየት እንኳ አልቻልኩም ነበር።

አዲሱ የኋላ ፍሬን ከተገጠመ በኋላም ወዲያው ወደ እንጦጦ እንዳልሮጥ አስጠንቅቀውኛል። ሜዳ መንገድ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄድኩ፣ ጎማው ሳይቆልፍ ሃያ ጊዜ ያህል ቀስ በቀስ እየያዝኩ ሸራውና ዲስኩ እንዲለማመዱ አደረግሁ። በአምስተኛው ላይ ፍሬኑ ደካማ መስሎኝ ነበር፤ ሃያኛው ላይ ስደርስ ግን በአንድ ጣት የሚያቆም ሆነ።

ወደ ጥገና ከመሄዳችሁ በፊት ግን ፍሬናችሁ የሚጠቀመውን ዘይት እወቁ። ከፍሬን አምራቾቹ ሺማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ ሚኒራል ዘይት ይጠቀማሉ፤ ሆፕና ሄይስ ዶት የሚባለውን፣ የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነቱን ይጠቀማሉ፤ ስራም ደግሞ በአብዛኞቹ ሞዴሎቹ ዶት፣ እንደ ማቨን ባሉት አዳዲሶቹ ግን ሚኒራል ዘይት ስለሚጠቀም ሞዴሉን ሳያዩ መገመት አይገባም። ብዙውን ጊዜ በእጀታው የዘይት ክዳን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጋሼ በእኔ እጀታ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእስክሪብቶ «ሚኒራል ዘይት ብቻ» ብለው ጽፈውበታል፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢከፍተው እንዳይሳሳት ብለው ነው።

የሥራ ቦታቸው ከኮተቤ ወደ ካራ ሲወጡ በስተግራ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ባለው ሰማያዊ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። እሑድ አይሠሩም። የእጃቸውን ዋጋ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፤ እኔን ለሁለቱም ፍሬኖች 700 ብር አስከፍለውኛል፤ ለመጀመሪያው ቀን ምርመራ ምንም አልተቀበሉኝም። ጎማውን ፈትታችሁ የምትወስዱ ከሆነ በመንገድ ላይ እጀታውን እንዳትነኩት፤ ዲስክ በመካከላቸው ከሌለ ፒስተኖቹ ይገጥማሉና መክፈቻው ሌላ ሥራ ይሆንባቸዋል።

ጋሼ፣ ያለፈው ቅዳሜ ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ወርጃለሁ፤ ሁለቱም ፍሬኖች አልጮኹም፣ አልላሉምም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እጅዎን ይባርክልኝ።