ምርጫ ያለው ጥያቄ ይሻላል ወይስ ባዶ ሳጥን?

ኦንላይን የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ስንጫወት ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ፤ ምርጫ ይኑር ወይስ መልሱን ራሳችን የምንጽፍበት ባዶ ሳጥን?

ምርጫ ሲኖር ጨዋታው ይፈጥናል። ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ከአራቱ አንዱን ነክቶ 25 በመቶ የማግኘት ዕድል አለው። ግን ወጥመድም ነው። «የአውስትራሊያ ዋና ከተማ?» ሲባል ሲድኒ ከላይ ከተቀመጠች፣ ካንቤራን በደንብ የሚያውቀውም ሰው ቸኩሎ ይጫናታል።

ባዶ ሳጥን ላይ ማምለጫ የለም። ሰዓቱ እየቆጠረ፣ መልሱ አፍህ ላይ መጥቶ ድርግም ይላል። አንዳንዴ ደግሞ አውቀኸው አንዲት ፊደል ትስታለህ፤ ማሽኑ «ስህተት» ይልሃል። ያበሽቃል! ቢሆንም እኔ ባዶውን እመርጣለሁ። ለማስታወስ የታገልኩበትን መልስ ቶሎ አልረሳውም። ምርጫውን ለጀማሪና ደክሞኝ ለምጫወትበት ምሽት ትቼዋለሁ።