ገንዘቤን ያስቆጠበችኝ የፍለጋ ሳጥን

ይህን የቢሮ ፕሮግራም ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ዓይነ ስውር ነኝ፤ የምሠራው ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ በስክሪን ሪደር ነው። መጻፉ፣ ሴቭ ማድረጉ፣ ፕሪንት ማድረጉ ምንም አይልም፣ ይሠራል። ዛሬ የማወራችሁ አልትና ኪውን አንድ ላይ ስጫን ስለምትከፈተው የፍለጋ ሳጥን ነው። እሷ ባትኖር ይሄኔ «ገንዘቤን መልሱ» እያልኩ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሪበኑ ትንሽ ልበል። ሪበን ስክሪኑ አናት ላይ የተደረደረው የትዕዛዝ ቁልፍ መዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በብዙ የቢሮ ፕሮግራሞች የድሮውን ሜኑ ተክቷል። የሚያይ ሰው አንዴ ቃኘት አድርጎ የሚፈልጋትን ሥዕል ይጫናል። እኔ የምሰማው ተራ በተራ ነው። «ክሊፕቦርድ፣ ፔስት፣ ስፕሊት በተን።» ታብ። «ከት፣ በተን፣ አንአቬይለብል።» ታብ። እንዲህ እያልኩ የአንቀጽ ማስተካከያው ጋ እስክደርስ ምን ልሠራ እንደነበር እረሳዋለሁ።

ስፕሊት በተን የሚሉት ደግሞ የራሱ ዓመል አለው። ኢንተር ብትጫኑት አንድ ነገር ይሠራል። ከሥሩ ያለውን ዝርዝር የፈለገ ሰው ግን አልትን ይዞ የታች ቀስቱን መጫን አለበት። ይህን የነገረኝ ሻጭ የለም።

ሻጩማ የነገረኝ ሌላ ነው። «ዲዛይኑ በጣም ያምራል፣ ሁሉም ነገር በአንድ ክሊክ ነው» አለኝ። ወንድሜ፣ ማማሩን ለማን ነው የምታወራው? ማውዝ የማልነካ ሰው ክሊኩን ምን ላድርገው? አሁን ቢሰማኝ «አቋራጭ ቁልፎች አሉት እኮ!» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አሉት፣ አልካድኩም። አልት፣ ኤች፣ ኤፍ፣ ኤስ ስል የፊደል መጠን ላይ ነኝ። አልት፣ ኤን፣ ቲ ስል ሠንጠረዥ ማስገቢያው ይከፈታል። በየቀኑ የምፈልጋቸውን ጣቴ ለምዷቸዋል። በስንት ጊዜ አንዴ የምፈልገውንስ? ያንን ሁሉ በቃሌ ልሸምድድ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሠንጠረዥ ነው። ከርሰሩ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ሪበኑ ጫፍ ላይ አዳዲስ ታቦች፣ ማለትም የትዕዛዝ ገጾች፣ ብቅ ይላሉ። ብቅ ማለታቸው ለሚያይ ነው፤ እኔ ጋ ዝም ነው። መኖራቸውን ካላወቅኩ አልፈልጋቸውም፣ ካልፈለግኳቸው ደግሞ የሉም ማለት ነው።

ሳጥኗ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ገጽ የያዘ ሠንጠረዥ አለኝ እንበል፤ የራስጌው ረድፍ በየገጹ እንዲደገም እፈልጋለሁ። ከርሰሩን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አድርጌ አልትና ኪው እጫናለሁ። «ሪፒት ሄደር» ብዬ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። የታች ቀስት። «ሪፒት ሄደር ሮውስ» ይለኛል። ኢንተር። አለቀ! የትኛው ታብ ሥር እንደተደበቀ እስካሁን ማወቅ አላስፈለገኝም፣ ግድም የለኝም።

ሳጥኗም እንከን አላት። የትዕዛዙን ስም የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጻፍ? ስሙን በግምት ስሞክር ከትዕዛዙ ይልቅ የእርዳታ ገጽ የሚቀርብልኝ ጊዜ አለ። ከርሰሩ ከሠንጠረዡ ውጭ ከሆነ ደግሞ ትዕዛዙ ቢገኝም አይሠራም። ቢሆንም እችላታለሁ። እንደ ሪበኑ አታደክመኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ይህን ሁሉ የሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር፣ ኤንቪዲኤ፣ ነፃ ነው። ማይክል ከረን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ሥራ ነው። ኮንትሮል ስጫን ዝም ይልልኛል፣ ኢንሰርትና ኤፍ ስጫን ያለሁበትን ፊደል ዓይነትና መጠን ይነግረኛል። የከፈልኩበት ፕሮግራም ሪበን ሲያስቆጥረኝ ይውላል፣ ያልከፈልኩበት ያግዘኛል። ለፍትሕ ያህል ግን፣ የዚህኛው ፕሮግራም ቁልፎች ስም አላቸው። ስም የሌለው ቁልፍ የሞላበት ፕሮግራም ገጥሞኛል፤ «በተን፣ በተን፣ በተን» ሲለኝ ይውላል። እዚያ ውስጥ ኤንቪዲኤም ምንም አያደርግልኝም።

ተጸጽቻለሁ? ሪበኑ ውስጥ በጠፋሁ ቀን ብትጠይቁኝ አዎ እላችኋለሁ። ዛሬ ግን ያ ረጅም ሠንጠረዥ በአንዴ ተስተካክሎልኝ ደስ ብሎኛል፣ ስለዚህ የክፍያው ጊዜ ሲደርስ አድሳለሁ። እናንተ ልትገዙ ካሰባችሁ ስለ ውበቱ የሚነግራችሁን ሻጭ አታድምጡት። ሞኒተሩን አጥፍቶ፣ ማውዙን ነቅሎ፣ ስክሪን ሪደሩን ከፍቶ አንዲት የራስጌ ረድፍ ያስደግምላችሁ። እሱን ሲችል ዋጋውን ጠይቁት።