ጎማ ልቀይር ወይስ ዳገት ልውጣ?

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። እዚህ ሳይክል የሚነዳ ሁሉ ፈጣን ነኝ ይላል። እኔም እል ነበር፣ የቤዛዊት ዳገት እስኪያጋልጠኝ።

ፍጥነት ለመጨመር ሁለት መንገድ አለ፦ ዕቃ መቀየር ወይም መሠልጠን። ዕቃ መቀየር ውጤቱ ቶሎ ይታያል። ጥርሳሙን የተራራ ጎማ አውጥቶ ለስላሳ የአስፋልት ጎማ ማስገባት፣ በልኩ መንፋት፣ ካቴናውን አጽድቶ ዘይት መቀባት፤ ልዩነቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። ቀላል ክብደት ያለው ውድ ሳይክል ግን የሚጠቅመው ዳገት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ዋናው ጠላት አየር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመግፋት የሚጠይቀው ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል። ክርን አጥፎ ጎንበስ ማለት ደግሞ በነጻ ነው!

ሥልጠናው ይዘገያል፣ ያማልም። በሳምንት 2 ቀን ለ4 ደቂቃ ያህል በኃይል መንዳት፣ አረፍ ብሎ መድገም። በሌላው ቀን በጢስ ዓባይ መንገድ እያወሩ ረጅም መንዳት። ለውጡ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ያጥራል።

እኔ ጎማውን ቀይሬ የቀረውን ብር ኪሴ አስገባና ወደ ቤዛዊት እሄዳለሁ። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ግን ግዙ። ለምን እንደሆነ መቀመጫችሁ ይነግራችኋል።