ወንድሜን ለፈተና ላበቁት የታሪክ መምህር ምስጋና፣ ተፈታኝ ላላችሁም ጥቆማ

ጎንደር ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያላችሁ፣ በተለይም ልጃችሁ በታሪክ ትምህርት ተስፋ የቆረጠባችሁ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አንድ መምህር ላመሰግን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፤ አደራቸውን እጠብቃለሁ። ምስጋናውን ግን በሆዴ ይዤው ልቀመጥ አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናታችን ስታርፍ እሱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ትምህርቴን ከ8ኛ ክፍል አቋርጬ ስፌት ጀመርኩ። ዛሬም አራዳ ገበያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ እኖራለሁ። የማልመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ያቋረጥኩትን እሱ እንዲጨርሰው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ስንት ቤት እንዳለቀሰ ታውቃላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛም ቤት ተራው ደረሰና አለቀሰ። ወንድሜ በመጀመሪያው ፈተናው በጂኦግራፊ ደህና ነጥብ አምጥቶ በታሪክ 27 አገኘ። ከ100 ሃያ ሰባት! ሌት ተቀን ሲያነብ እያየሁት፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ሲያጠና እያየሁት። ያን ዕለት እራቱን ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

በግል ተፈታኝነት እንደገና እንዲቀመጥ ስንወስን ማስጠኛ ፍለጋ ወጣሁ። እዚህ ላይ ልቤ አሁንም ያርራል። አንደኛው ቦታ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበለኝ። ሰማንያ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀው፣ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ የተባዛ ወረቀት ያነብላቸዋል፤ «ይህን ሸምድዱ» ይልና ይወጣል። ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ጊዜ አባካኝ ይባላል። ሁለተኛው ቤት ለቤት የሚያስጠና ነበር። አምስት ቀን መጣና የወሩን ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ስልኩ አልሠራ አለ። ሦስተኛው ገንዘቤን እንኳ አልበላም፤ የሠራው ግን ከሁለቱም ይብሳል። ወንድሜን ሁለት ጥያቄ ጠይቆት ሲንተባተብበት ወደ እኔ ዞሮ «ይህ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም፣ የእጅ ሙያ አስተምሪው» አለኝ፤ እዚያው ልጁ ፊት። የእጅ ሙያ ክቡር ነው፣ እኔም የምበላው በእሱ ነው። ግን አንድን ልጅ በሁለት ጥያቄ ሚዛን ላይ አስቀምጦ መጣል ምን የሚሉት መምህርነት ነው? የእነዚህን ሰዎች ስምና ቦታ አልጽፍም፤ ፈጣሪ ልቦና ይስጣቸው።

መምህሩን የጠቆመችኝ የልጇን ዩኒፎርም ልታሳጥር የመጣች ደንበኛዬ ናት፤ እሷንም ፈጣሪ ይባርክልኝ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ፣ ግቢያቸው ውስጥ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ዘርግተው ከአሥራ ሁለት የማይበልጡ ልጆች ያስጠናሉ አለችኝ። ሦስት ጊዜ የተቃጠለ ሰው በቀላሉ አያምንም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ።

ልጆቹ ደብተራቸውን ሲያወጡ መምህሩ «መልሱት፣ ተከተሉኝ» አሉና ወደ ፋሲል ግቢ አጥር ይዘዋቸው ሄዱ። ግንቡ ውስጥ አልገባንም፤ በውጭ በኩል በአጥሩ ዙሪያ ቀስ እያልን ነበር የምንዞረው። በየጥቂት እርምጃው ቆም ይሉና ይጠይቃሉ። «ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በፈረንጆቹ 1636 ሲቆረቁሩ ጀርመኖች ምን ላይ ነበሩ?» ልጆቹ ዝም። «የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ላይ ነበሩ፤ በ1618 ጀምረው በ1648 ነው የጨረሱት። እዚህ ይህ ድንጋይ ሲካብ እዚያ ከተማ እየነደደ ነበር።» የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት የሚታይበት ቦታ ስንደርስ ደግሞ፣ ከፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ጋር በአንድ ዘመን መንገሣቸውን፣ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 ጎንደር ድረስ መጥቶ ንጉሡን ማከሙን ነገሩን። እኔ በዚያ አጥር ሥር ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስ ኖሬ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ዘመነ መሳፍንት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዐፄ ኢዮአስ የተገደሉት በ1769 ነው። በዚያው ዓመት ኮርሲካ በምትባል ደሴት አንድ ልጅ ተወለደ። ማን ነው?» አንዲት ልጅ ፈራ ተባ እያለች «ናፖሊዮን?» አለች። መምህሩ ቆብ አውልቀው እጅ ነሷት። ወንድሜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከፈተናው ውጤት በኋላ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ገጽ ለሁለት ተከፈለ፤ በግራ አውሮፓ፣ በቀኝ እኛ። የዘመን አቆጣጠሩም ነገር ያን ጊዜ ተፈታ። ለካ ወንድሜን ሲያምሰው የኖረው አንዱ እሱ ነው፤ አድዋን 1888 ብሎ ያደገ ልጅ መጽሐፉ ላይ 1896 ሲያይ የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደሚያያይዝ ይጠፋበት ነበር። መምህሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገላገሉት፤ ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከፈረንጆቹ እስከ እኛ 8። ሦስቱ ማስጠኛዎች ይህችን አንዲት ነገር ሊነግሩት አልቻሉም ማለት ነው?

የጀርመንን አንድነት ያስጠኑበትን መንገድማ አልረሳውም። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በፈረንሳይ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት የታወጀው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 18 ቀን 1871 ነው። መምህሩ ይህን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሱትና «ጥር 11 ቀን 1863፣ ጥምቀት! እዚህ ታቦቱ ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲመለስ እዚያ ጀርመንን አንድ ያደረገው ቢስማርክ አዋጁን ያነብባል» አሉ። ዛሬ ጥምቀት በፈረንጆቹ 19 ላይ አይደለም ወይ ያላቸውን ልጅ፣ በዚያ ዘመን ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንስ እንደነበር በወረቀት አስልተው አሳዩት። ስሌቱን እኔ አልተከተልኩትም። የጎንደር ልጅ ግን ጥምቀትን ይረሳል? አዋጁ በተነበበበት በዚያው አዳራሽ በ1919 ጀርመን የሽንፈቷን ውል እንድትፈርም መደረጓም ከዚያው ጋር ተያይዞ ልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ ቀረ።

አሁን ወደዚህ ጽሑፍ ያስነሳኝን ነገር ልንገራችሁ። ግንቦት ላይ የስፌት መኪናዬ ተሰበረ። ማሠሪያ ፍለጋ ስሯሯጥ የሁለት ወር የማስጠኛ ክፍያ ተጠራቀመብኝ። ወንድሜ ይህን ሲያውቅ ሳይነግረኝ መሄዱን ተወ። እኔ እየተማረ መስሎኝ እሱ ቀሃ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ይውላል። ሁለት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ዝናብ እየጣለ በር ተንኳኳ። ስከፍት መምህሩ ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው፣ የወንድሜን ደብተር በፌስታል ጠቅልለው በኮታቸው ሥር ይዘው።

ደንግጬ «መምህር፣ ስለ ገንዘቡ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሚቀጥለው ወር...» ስል አላስጨረሱኝም። «ልጄ፣ ስለ ገንዘብ ማን ጠየቀሽ? ደብተሩን አርሜ ልመልስ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ቡና አቀረብኩ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ተቀምጧል። የት ጠፋህ አላሉትም፤ ለምን ቀረህም አላሉትም። ሁለተኛውን ስኒ ሲቀበሉ «በል እንግዲህ፣ ለእህትህ አስረዳት። ጣሊያን ከዚያ ድረስ አድዋ ምን ልትሠራ መጣች?» አሉት።

ወንድሜ የሸመደደውን በእንግሊዝኛ ጀመረ። «እህትህ የምትሰማህ በአማርኛ ነው» አሉት። ትንሽ ዝም አለና ጀመረ። ጣሊያን የምትባል አገር እንዳልነበረች፣ በየግዛቱ ተበጣጥሳ እንደነበር፣ የፒየድሞንት ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር ካቩር የፈረንሳዩን ናፖሊዮንን ለምኖ ኦስትሪያን እንደወጋ... «የትኛውን ናፖሊዮን? እሱማ በ1821 ሞቷል» አሉ መምህሩ። ወንድሜ ግንባሩን መታና «የወንድሙን ልጅ፣ ሦስተኛውን!» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ጋሪባልዲ በ1860 ከሺህ ፈቃደኞች ጋር ወደ ሲሲሊ ሲሻገር፣ ደቡቡን በሙሉ ነጻ አውጥቶ ለፒየድሞንቱ ንጉሥ ሲያስረክብ፣ ለራሱ ሳይወስድ ወደሚኖርባት ትንሽ ደሴት ሲመለስ እጁን እያወናጨፈ ተረከልኝ። የጣሊያን መንግሥት በ1861 ታወጀ፣ ቬኒስ በ1866፣ ሮማ በ1870 ተጨመሩ። «እትዬ፣ ዘግይታ የቆመች አገር ናት፤ ስትነሳ ሌሎቹ ቀድመዋታል። አሰብን በ1882፣ ምጽዋን በ1885 ያዘች። መንግሥቷ በቆመ በ35 ዓመቱ አድዋ ላይ አባቶቻችን ጠበቋት» አለኝ። በእኛ በኩል ያን ጊዜ ማን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «የቋራው ካሳ ነዋ! ዐፄ ቴዎድሮስ የተበታተነ አገር ሲሰበስቡ ካቩርም እዚያ የራሱን ይሰበስብ ነበር።» ቡናዬ ቀዝቅዞ ሳልጠጣው ቀረ። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተዘጋብኝ በር የተከፈተ መሰለኝ።

መምህሩ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ወደ እኔ ዞረው «ልጁ እያወቀ ነው የሚወድቀው። የሚጥለው ታሪኩ አይደለም፣ የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው» አሉኝ። ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ፤ የተሳሳተባቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አጥንተዋቸዋል። አብዛኞቹ «በስተቀር»፣ «ቀደም ብሎ»፣ «ያስከተለው» የሚል ቃል ያለባቸው ነበሩ። ወንድሜ ቃሏን እየዘለለ ትክክለኛውን ታሪክ ለተሳሳተው ጥያቄ ይመልስ ነበር። አርባ ያህል እንዲህ ያሉ ቃላት በእጃቸው ጽፈው አምጥተውለት ነበር። «ነገ ጀምር፣ ቅዳሜም እጠብቅሃለሁ» ብለውት በዝናቡ ወጡ። ጃንጥላ ይዤ ብከተላቸው «ግቢ ልጄ፣ ብርድ ይመታሻል» ብለው መለሱኝ።

ዘመድ እንኳ በማይጠይቅበት ሰዓት፣ ዕዳ ያለብንን ሰዎች ቤት ዝናብ ለብሶ የመጣ መምህር ነው የምነግራችሁ። እናቴ ብትኖር ጉልበታቸውን ስማ ታመሰግናቸው ነበር። እኔ የማውቀው ስፌት ነውና ነጭ ጋቢ ጥለቱን በእጄ አስጊጬ ወሰድኩላቸው። ያንንም የተቀበሉት ስንት ለምኜ ነው።

ወንድሜ በሁለተኛው ፈተናው በታሪክ 71 አመጣ፤ በድምሩም ከ600 ውስጥ 348። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ውጤቱን የሰማን ቀን መጀመሪያ የሮጠው ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ እሳቸው ነው፤ አልተቀየምኩም። አብረውት ያጠኑት አሥራ አንዱ ልጆች ሁሉም አለፉ ብዬ አልዋሻችሁም። ሁለቱ ትንሽ ቀርቷቸዋል። መምህሩ ግን አሁንም እያስጠኗቸው ነው፣ ያለ ክፍያ።

ወላጆች፣ እባካችሁ ልጃችሁን «አይገባውም» የሚል ሰው እጅ ላይ አትተዉት። እኚህን መምህር አግኙ። ክፍያቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ የሚሰጡት ግን ሌላው ጋ በገንዘብ አይገኝም። ደግሜ እላለሁ፣ አግኟቸው። ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣው ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቤታቸውን ራሴ አሳያችኋለሁ። አራዳ ሱቄ ድረስ የመጣ ካለም ሥራዬን አስቀምጬ እወስደዋለሁ።

አዲሶቹን ተማሪዎች የሚቀበሉት ከመስቀል በኋላ ነው። ቦታው ትንሽ ስለሆነ ቀድማችሁ ብትመጡ ይሻላል። የሚጀምሩት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን ደብተር የግድ አይደለም፤ ልጁ ለእግር ጉዞ የሚመች ጫማ አድርጎ ይምጣ።